ሊብሬኦፊስ በፎቶኮፒ ቤቴ፦ ከክራክ ከወጣሁ ዓመት ሆነኝ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ጠባብ ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶኮፒ ማሽንና የመጠረዣ መሣሪያ ይዛለች። ደንበኞቼ በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በወረቀትም በፍላሽም ይዘው ይመጣሉ። እተይባለሁ፣ ፎርማቱን አስተካክላለሁ፣ አትሜ እጠርዛለሁ። ማመልከቻ የሚያስጽፉ የሰፈር ሰዎችም አሉ። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግም አይጠፋም።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ሥራ የምሠራው በሊብሬኦፊስ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ባልከፈልኩበት፣ ክራክ በተደረገ፣ ማለት የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ በተጫነ የማይክሮሶፍት ኦፊስ ነበር። ስለ ፕሮግራሙ ጥሩነትና ጉድለት ልጽፍ ነው የተነሳሁት። ግን ለምን እንደቀየርኩ ካልነገርኳችሁ ግማሹ ይቀራል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ሊብሬኦፊስ ደብዳቤ መጻፊያ፣ የሂሳብ ሰንጠረዥ፣ የስላይድ ማዘጋጃና የሥዕል መሥሪያ አንድ ላይ የያዘ ነው። መነሻው ጀርመን አገር የተሠራ ስታርኦፊስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ገዛውና ቆይቶ ኮዱን ለሕዝብ ከፈተው። ኦራክል የሚባል ሌላ ኩባንያ ሰንን ከገዛ በኋላ ፕሮግራሙን ሲሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ተለይተው ወጡና የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ሊብሬኦፊስ የሚለው ስም ያኔ መጣ። ድርጅቱ በመዋጮ ነው የሚኖረው። ማንም ያወርደዋል፣ ማንም ይጭነዋል፣ ማንም ገልብጦ ለሌላ ይሰጣል። ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም በነፃ የሚሰጡ ብዙ ፕሮግራሞች ፈቃዳቸው ለግል ብቻ ነው።

ነፃ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል። በነፃ የተሰጠ ይባላል፤ ነፃ ሰውም ይባላል። ለአሥራ አምስት ዓመት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የማስበው። በክራክ የተጫነ ኦፊስ ገንዘብ ስላልወጣበት ነፃ ይመስለኝ ነበር።

ገንዘብ አልወጣበትም ማለቴ ደግሞ ትክክል አይደለም። ከፍያለሁ። ኮምፒውተር ፎርማት ባስደረግሁ ቁጥር ለጫኙ ልጅ እከፍለው ነበር። መጀመሪያ 100 ብር፣ በኋላ 300፣ በመጨረሻ 500። ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑን፣ የካርድና የማኅተም መሥሪያውን ኮረል፣ አማርኛ መጻፊያውን ከአንድ ፍላሽ ይጭንልኛል። ሲጨርስ አክቲቬተር የሚሉትን፣ ያልተገዛውን እንደተገዛ የሚያስመስል ትንሽ ፕሮግራም ይከፍታል። ከዚያ በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነግረኛል፦ «አንቲቫይረሱን አጥፊው፣ አለበለዚያ አያስገባውም።» አጠፋለሁ። ቤቴን ከፍቼ ለማላውቀው ሰው ቁልፉን እንደመስጠት መሆኑ አንድም ቀን አልታየኝም።

ጥር 2015 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሱቅ ገባሁ። የሁለተኛው ኮምፒውተር ፋይሎች በሙሉ ስማቸው መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው ፊደላት ተጨምረውባቸዋል። ምንም አይከፈትም። በየፎልደሩ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። 980 ዶላር ክፈይ ይላል። በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፍሽልን ግን 490 ዶላር ይበቃል ይላል። በኋላ እንደተረዳሁት ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው የፋይል ማገቻ ቫይረስ ነው። በዋናነት የሚሰራጨው በክራክና በአክቲቬተር ውስጥ ተደብቆ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ነበር አዲስ ፎቶሾፕ ያስጫንኩት።

ኢምሲሶፍት የሚባል ድርጅት ለዚህ ቫይረስ የድሮ ዝርያዎች መፍቻ አዘጋጅቶ በነፃ ለቋል። ሞከርኩት። የእኔ ከአዲሶቹ ነበር፣ አልፈታውም። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የአራት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ሦስቱ ቅጂ ነበራቸው። አንዷ አልነበራትም። ምዕራፍ ሦስትና አራትን ከእጅ ጽሑፏ እንደገና ተየብኩላት፣ አራት ሌሊት ፈጀ። ሱቄ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ያየኋትን አልረሳም። ለሷ ቫይረስ ነው አልኳት እንጂ እኔ በገዛ እጄ በሩን እንደከፈትኩለት አልነገርኳትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ግን ያኔም አልቀየርኩም። ፎርማት አስደርጌ እንደገና በክራክ አስጫንኩ። ፍርሃት ብቻውን ሰውን አይቀይርም፣ ቢያንስ እኔን አልቀየረኝም።

የቀየረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሶፍትዌር ይሠራል። ለሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሚሆን የስቶክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በአማርኛ ሠርቶ ነበር። ሚስማሩን በኪሎ፣ ቆርቆሮውን በቁጥር፣ የብድር ደንበኛውን በስም ይይዛል። ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። በ12,000 ብር ለዘጠኝ መደብሮች ሸጠ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ መርካቶ አንድ መደብር ሊያስተዋውቅ ገባ። ፕሮግራሙ እዚያው ክፍት ሆኖ ይሠራል። ማንም የሸጠላቸው የለም። ሪፖርቱ ላይ ከላይ የተጻፈው የመደብሩ ስም የመጀመሪያው ገዢው ስም ነው። ያንን እንኳን አልቀየሩትም። ባለቤቱ አልደበቁም። «አንድ ልጅ ነው የጫነልኝ፣ ከፍዬዋለሁ እኮ» አሉት። እውነታቸውን ነው፣ ከፍለዋል። ለገልባጩ።

ከዚያ በኋላ እየጠየቀ ሲዞር በማያውቃቸው ብዙ መደብሮች አገኘው። የከፈሉት ዘጠኙ ብቻ ናቸው። ለማሻሻል ያሰበውን ሥራ ተወው። ሰው ቤት ተቀጠረ።

አንድ ቀን ማመልከቻ ሊያስጽፈኝ መጣ። ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቦ ነው የመጣው። የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ በቅጅ መብት ይጠበቃል። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ ማስቀረት ይፈቀድለታል፤ እያባዛ መሸጥ ግን አይችልም። ይህን እየነገረኝ እተይባለሁ። «የድካሜን ውጤት ያለፈቃዴ…» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ዝም አለ። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ስክሪኑ አናት ላይ ነው። ኦፊሱ አክቲቬት አልተደረገም የሚለው ቀይ መስመር እንደገና ብቅ ብሏል።

«እታለም፣ ይሄ ደግሞ የማን ድካም ነው?» አለኝ።

በቁጣ አይደለም። ጠየቀኝ ብቻ። መልስ አልነበረኝም። ማመልከቻውን ጨርሼ አተምኩለት፣ ብር አልተቀበልኩትም። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁላችንም የምንለውን እኔም ለራሴ ስል አደርኩ። ሀብታም ኩባንያ ነው፣ የእኔ ሱቅ ምን ይጎዳዋል። ልክፈል ብል እንኳ በምን እከፍላለሁ፤ በብር አይቀበሉ፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝ። ይህ የመጨረሻው ለዓመታት እውነት ነበር፣ አሁንም ለብዙ ሰው እውነት ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የማይክሮሶፍት የግል ጥቅል በዓመት 69.99 ዶላር የነበረው በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ 99.99 ሆነ። ያም ለቤት እንጂ ለሱቅ አይፈቀድም። ስለዚህ ዋጋው ከብዶኛል የሚለውን ሰው አልወቅስም። ከብዷል።

ያልገባኝ ነገር ሌላ ነበር። ክራክ የሚጎዳው ሩቅ ያለውን ሀብታም ይመስለን ነበር። የወንድሜ ነገር ሲደርስ ግን ተቃራኒው ታየኝ። ትልቁ ኩባንያ አልወደቀም፣ እንዲያውም እያደገ ነው። የወደቀው አጠገባችን ያለው ነው። ቢል ጌትስ ራሱ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ቻይና ሲናገር ሰዉ መስረቁ ካልቀረ የኛን ቢሰርቅ ይሻለናል፣ ይለምደውና በኋላ እናስከፍለዋለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። ያው ሰውዬ በ1976 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ገና ትንሽ ሳለ ፕሮግራማችንን እየገለበጣችሁ ነው ብሎ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ትንሽ ሳለ ጎዳው፣ ትልቅ ሲሆን ጠቀመው። እኛ አገር ደግሞ ያለው ትንሹ ነው። ውድ የሆነው ፕሮግራም በ500 ብር ሲጫን፣ በ12,000 ብር የሚሸጠው የወንድሜ ሥራ ውድ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ በነፃ የሚሰጠው ሊብሬኦፊስም ማንም ሳይሞክረው ይቀራል።

የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮችንም አሰብኩ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም የግዕዝ ፎንትና መጻፊያ ሠርተው ለገበያ ያቀረቡ የአገራችን ሰዎች ነበሩ። ማመልከቻ የጻፍኩት፣ ልጆቼን ያሳደግሁት በነሱ ሥራ ነው። ለአንዳቸውም አንድ ብር ከፍዬ አላውቅም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲመጣ ተቀበልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሶፍትዌር ላይ ስንደርስ ግን ወርቅ መሆኑ አይታየንም፣ በእጅ ስለማይያዝ ይሆናል።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ።

የወረደው ፋይል ከ400 ሜጋባይት በታች ነው። ተጭኖ ሲከፈት ቁልፍ የለ፣ ኮድ የለ፣ አንቲቫይረስ አጥፊ የለ። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ከባድ ነበር። አዝራሮቹ እኔ የለመድኳቸው ቦታ ላይ አይደሉም። ከዚያ ከእይታ ምናሌው ውስጥ መልኩን ወደ ትር (ታብ) መቀየር እንደሚቻል አገኘሁ። ያኔ ከኦፊሱ ጋር ተቀራረበና እጄ ተመለሰ። ይህን መጀመሪያ ቀን የነገረኝ ቢኖር ሳምንት ባልተሰቃየሁ ነበር። እናንተ መጀመሪያ እሱን አድርጉ። ምናሌውን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። የምታግዘኝ ልጅ በአማርኛው ነው የምትሠራው፤ እኔ የእንግሊዝኛውን ስለለመድኩ ተውኩት።

ለአማርኛ መጻፊያ ኪይማንን ጫንኩ። እሱም በነፃ ነው። ፎንት አቢሲኒካንና ኖቶ ኢትዮፒክን እጠቀማለሁ፤ ሁለቱም ማንም እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ ናቸው። አቢሲኒካ ለማመልከቻ ያምራል፣ የብራና ጽሑፍ መልክ አለው።

የወደድኩለት አንደኛ ነገር ስታይል አያያዙ ነው። ባለ 90 ገጽ ጽሑፍ ላይ የርዕሶችን መልክ ከአንድ ቦታ እቀይራለሁ፣ ማውጫው ራሱ ይስተካከላል። በድሮውም ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ሁሉንም በእጄ ነበር የማደርገው። አዲስ ነገር ስማር ነው በትክክል የተማርኩት። ሁለተኛ፣ በአንድ ጠቅታ ፒዲኤፍ ያወጣል። ሦስተኛ፣ የሥዕል መሥሪያው ፒዲኤፍ ይከፍታል። ተማሪ ፒዲኤፍ ብቻ ይዞ መጥቶ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል ሲለኝ እዚያው አርሜ አወጣለታለሁ። ምንጭ የሚያስገቡ ተማሪዎች የምንጭ መመዝገቢያውን ዞተሮ ሲጠቀሙ ያለችግር አብሮት ይሠራል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ትልቁ ችግር የሌላ ሰው ፋይል ነው። ተማሪው ቤቱ በዎርድ የጻፈውን እዚህ ስከፍት አንዳንዴ ገጹ ይንሸራተታል። 74 ላይ የነበረው ሰንጠረዥ 75 ላይ ያርፋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፎንት ነው። ለካሊብሪ ካርሊቶ፣ ለታይምስ ሊበሬሽን ሰሪፍ የሚባሉ መጠናቸው እኩል የሆኑ ፎንቶች አብረውት ስለሚመጡ እንግሊዝኛው ደህና ነው። አማርኛው ላይ ግን በኒያላ የተጻፈ ነገር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መስመሩ ይቀየራል። ሣጥንና ቀስት የበዛበት ሥዕላዊ ገለጻም ይዛባል። የሂሳብ ቀመር የሞላበት የኢንጂነሪንግ ጽሑፍ ከመጣ አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። ኤክሴል ላይ ማክሮ፣ ማለት ሥራን በራሱ የሚደግም ትእዛዝ፣ የጻፉ የሂሳብ ሠራተኞች ደግሞ ግማሹ አልሠራ ብሏቸው ተመልሰዋል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ይዘገያል፣ ከተከፈተ በኋላ ደህና ነው።

አሁን ለተማሪዎቼ ሁሉ አንድ ነገር እላለሁ፦ ለመምህርህ የምታስገባው ፒዲኤፍ ይሁን። ይህን ካደረግን ወዲህ ገጽ ተንሸራተተብኝ ብሎ የተመለሰ ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ዊንዶውሱስ ለምትሉኝ፣ ሁለቱ ያገለገሉ ዴሎች ከነፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ተለጣፊው አለ። ለካ ክራክ የሚጫንባቸው በከንቱ ነበር። ሦስተኛው ፈቃድ ስላልነበረው ወንድሜ በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚሰጠውን ሊነክስ ሚንት ጫነበት። የኤችፒው ፕሪንተር ሲሰካ ወዲያው ታወቀ። ለጉርድ ፎቶ በፎቶሾፕ ፋንታ ጊምፕ በቂ ነው፣ ለመልመድ ወር ፈጀብኝ።

ኮረል ላይ ግን ተሸንፌአለሁ። የሠርግ ጥሪ ካርድና ማኅተም የሚያሠሩ ሰዎች ፋይላቸው በኮረል ነው የሚመጣው። በነፃ የሚሰጠው ተመሳሳይ ፕሮግራም ኢንክስኬፕ የተወሰነውን ይከፍታል፣ ፊደሉ ግን ብዙ ጊዜ ይበተናል። ከጥር እስከ ሚያዝያ የሚመጣው የሠርግ ካርድ ሥራ ከገቢዬ ቀላል የማይባል ነበር። አሁን ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። ባለቤቴ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንኳ መልሰሽ ጫኚ ብሎኛል። ልክ ነው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለብን። አልጫንኩም። አዲስ ካርድ ከመጀመሪያው እንድሠራላቸው የሚመጡትን በኢንክስኬፕ እሠራለሁ፣ ቁጥራቸው ቀስ እያለ እየጨመረ ነው። ግን የሄደው ገንዘብ ሄዷል፣ ምንም አልጎደለብኝም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ።

አንድ ያልፈታሁት ነገርም አለ። የእኔ ሱቅ ፎቶኮፒ ቤት ነው። ተማሪ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፣ 600 ገጽ፣ አባዢልኝ ይለኛል። መጽሐፉ በአገር ውስጥ አይሸጥም፣ ቢሸጥም የወር ቀለቡን ይበላል። ወንድሜን ያጎሳቆለው ነገር ይሄው አይደለም ወይ? የአገራችን ደራሲ መጽሐፍ ሲሆን አሁን እምቢ እላለሁ። ገዝታችሁ አንብቡ፣ መሐል ፒያሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ አራት ኪሎ አዟሪዎቹ ጋ አለ እላለሁ። የውጭ አገር የትምህርት መጽሐፍ ሲሆን ግን ምዕራፍ እየለየሁ አባዛለሁ። ሙሉውን ከጠየቁኝ እጄ ያመነታል። አንዳንዴ አባዝቻለሁ። የት ላይ መስመር ማስመር እንዳለብኝ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረናል፤ እሱም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኝም።

ለሊብሬኦፊስ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የጽሕፈት ሥራ ለሚሠራ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማኅበርና ለዕድር ጸሐፊ ሙሉ ለሙሉ ይበቃል። ከባድ የኤክሴል ሥራ ላለው መጀመሪያ ፋይሉን ከፍቶ ይሞክር፣ ከዚያ ይወስን።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መጣ። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቷል። «እትዬ፣ ክራክ የተደረገ ኦፊስ አለሽ? ፍላሽ ይዣለሁ» አለኝ። ፍላሹን ተቀብዬ የሊብሬኦፊሱን መጫኛ፣ ኪይማንንና ሁለቱን ፎንቶች ገለበጥኩለት። ስንት ነው አለ። ምንም አልኩት። ለጓደኛዬም ልስጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ስጠው አልኩት፣ ለዶርሙ ሁሉ ስጥ። አልፎ አልፎ ገጽ ሲንሸራተትብህ ደግሞ ወደ እኔ ና፣ የትሩን ነገርም አሳይሃለሁ።